ታጥቆ የተነሳ ትሕትና

ትሕትና ሲባል ብዙዎቻችን ፊት ድቅን የሚለው አንገቱን የደፋ ሰው ነው። ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ከኋላ የሚቀመጥ፣ ስሙ ሲጠራ «ኧረ እኔ ምን አቅም አለኝ» የሚል። እንዲህ ያለውን ሰው እንወደዋለን። እኔም እወደዋለሁ። ግን እያደር አንድ ነገር ይከነክነኝ ጀመር። «እኔ ምን አቅም አለኝ» የሚለው ቃል በብዛት የሚሰማው ሥራ ሲመጣ ነው። የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪ ሲፈለግ ይሰማል። የማኅበሩ ሒሳብ ያዥ ሲመረጥ ይሰማል። የታመመ ጎረቤት ሆስፒታል አብሮት የሚያድር ሰው ሲቸግረው ይሰማል። ምስጋና ሲከፋፈል ግን ብዙም አይሰማም።

እኔ የምለው፣ ይሄ ትሕትና ነው ወይ? ክርስቶስ ያስተማረን ዝቅ ማለት ከሥራ ያሸሻል? ስለዚህ ነገር ረጅም ጊዜ ሳስብ ቆይቻለሁ። ዛሬ የደረስኩበትን ልጻፍ።

በጸሎተ ሐሙስ ደሴ መድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን የሄደ ሰው ሕጽበተ እግሩን ያውቀዋል። ካህናቱ የወይንና የወይራ ቅጠል ይዘው ጎንበስ ይላሉ። ምእመኑ ጫማውን አውልቆ ተራውን ይጠብቃል። ቀን ሠራተኛውም፣ ነጋዴውም፣ ተማሪውም እግሩን ይሰጣል። ከዚያ ወደ ቤት ተሄዶ ጉልባን ይበላል። ልጅ ሳለሁ ከሁሉም የሚገርመኝ የሽማግሌው ቄስ ወገብ ነበር። ያን ሁሉ ሰዓት እንዴት አይደክማቸውም እል ነበር።

ካደግኩ በኋላ የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 13ን ረጋ ብዬ ሳነብ ሌላ ነገር ያዘኝ። ወንጌላዊው ስለ ውሃውና ስለ ጨርቁ ከመናገሩ በፊት ጌታ በዚያች ሰዓት ምን ያውቅ እንደነበር ይነግረናል። አብ ሁሉን በእጁ እንደ ሰጠው ያውቃል። ከእግዚአብሔር እንደ ወጣ ያውቃል፤ ወደ እግዚአብሔር እንደሚሄድም ያውቃል። ይህን አውቆ ነው ከእራት የተነሳው። ልብሱን አኖረ። ማበሻ ጨርቅ ታጠቀ። ውሃ በመታጠቢያው ጨመረ።

ይህን ዓረፍተ ነገር ብዙ ጊዜ ዘለነው ወደ እግሩ እንሮጣለን። ለእኔ ግን ቁልፉ እዚህ ጋ ነው። ጌታ ማን እንደሆነ አሳምሮ ስለሚያውቅ ጎንበስ ማለት ምንም አላሳጣውም። ከየት እንደመጣና ወዴት እንደሚሄድ የሚያውቅ ሰው፣ ቦታዬ ተነካ ብሎ አይጨነቅም። የማያውቀው ነው ወንበር የሚጠብቀው። ደግሞ ከታጠቡት እግሮች መካከል የይሁዳ እግርም ነበር። ጌታ ይህንንም ያውቃል። አውቆ አጠበው። እዚህ ቦታ ስደርስ ሁሌም ማንበቤን አቆማለሁ። የሚያማኝን የሥራ ባልደረባ እግር እንዴት አድርጌ ነው የማጥበው?

ሉቃስ ምዕራፍ 17 ላይ ያለው ቃል ደግሞ ይበልጥ አፋጠጠኝ። ጌታ እንዲህ ይላል፦ «የታዘዛችሁትን ሁሉ ባደረጋችሁ ጊዜ፦ የማንጠቅም ባሪያዎች ነን፥ ልናደርገው የሚገባንን አድርገናል በሉ።» ቅደም ተከተሉን ልብ በሉልኝ። ባሪያው ሲያርስ ወይም ከብት ሲጠብቅ ውሏል። ቤት ገብቶም አላረፈም፤ ታጥቆ እራት አቅርቧል። «የማንጠቅም ነን» የሚለው ቃል የሚመጣው ማታ ነው፣ ሁሉም ካለቀ በኋላ። እኛ ግን ጠዋት ላይ እንለውና መልሰን እንተኛለን።

እኔ ደሴ እኖራለሁ፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ ከ1,900 ሜትር በታች። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ሐረጎ ላይ ሲደረስ ግን እየተጠማዘዘ ቁልቁል ይወርዳል። ክረምት ላይ ጉም ሲወርድ ሚኒባሱ ውስጥ ወሬው ጸጥ ይላል። አንዱ ያማትባል፣ አንዱ ቢስሚላሂ ይላል። የዘወትር ጸሎቴን ብዙውን ጊዜ የምጨርሰው እዚያ ነው። ታች ስንደርስ ሹራብ ይወልቃል፣ ሥራ ይገባል።

የምሠራው ንብረት ክፍል ነው። ዕቃ ሲገባ ሞዴል 19 የሚባለውን ደረሰኝ እቆርጣለሁ፣ ሲወጣ ሞዴል 22። የዕቃውን ገቢና ወጪ ቢን ካርድ በሚባለው መመዝገቢያ ላይ እጽፋለሁ። ቁልፍ እይዛለሁ። ማንም ወላጅ ልጁን «የንብረት ክፍል ሠራተኛ ያድርግህ» ብሎ አይመርቅም። ሐዋርያው ጳውሎስ ግን ለቆላስይስ ሰዎች በጻፈው መልእክት ምዕራፍ 3 ላይ፣ የምታደርጉትን ሁሉ ለሰው ሳይሆን ለጌታ እንደምታደርጉ በትጋት አድርጉት ሲል፣ የሚያናግረው ባሪያዎችን ነው። የሚያዝዛቸው ሰው ያለ፣ ሥራቸውን ያልመረጡ፣ ማንም የማያመሰግናቸው ሰዎችን። ለእነሱ የተነገረ ቃል ለእኔ መጋዘን ያንሳል ብዬ አላስብም።

ይህን ሥራ ያስተማሩኝ ሰው ዛሬ ጡረታ ወጥተዋል። ሙስሊም ናቸው። ጋሼ ነበር የምላቸው። አንድ ዓርብ ከሰዓት የጽሕፈት ወረቀት የጫነ መኪና መጣ። ሾፌሩ ቸኩሏል፣ ሳይመሽ አዲስ አበባ መንገድ መግባት ይፈልጋል። ካርቶኖቹ ተደርድረው ተቆጠሩ፣ ልክ ናቸው። እኔ ብዕሬን አወጣሁ። ጋሼ ግን አንዱን ካርቶን በቁልፋቸው ቀደው ከፈቱት። አምስት ደስጣ መሆን ሲገባው አራት ነው። ሌላ ከፈቱ። አምስት ነው። ሌላ ከፈቱ። አራት። «ከፍተን እንጨርስ» አሉኝ። ሾፌሩ ተቆጣ። የጎደለው ሰኞ ይመጣል፣ ዛሬ ፈርሙልኝ አለ። ስልክም ተደወለ። ከላይ ያለ ሰው «ምን ታካብዳላችሁ» አለ።

ጋሼ አልጮሁም። ለሾፌሩ «ወንድሜ፣ አንተ አልከፈትከውም፣ አንተን አልጠረጠርኩም። ግን የምፈርመው ለመጣው ያህል ነው» አሉት። ሻይ አስመጡለት። ሁሉንም ካርቶን ከፍተን ቆጠርን። ሞዴሉ ላይ የሰፈረው በትክክል የገባው ነው። በመሃል ሰዓቱ ሲደርስ ጥግ ላይ ሰግደው ተመለሱና ካቆሙበት ካርቶን ቀጠሉ። ማታ ስንዘጋ «የኔ ልጅ፣ ፊርማህ አማና ነው፣ አደራ» አሉኝና ሄዱ። ሰኞ ቢሮ ስገባ ነገሩን ያወቀ ሰው አልነበረም። ለማንም አልተናገሩም።

መጽሐፈ ምሳሌ ምዕራፍ 11 ሲጀምር አባይ ሚዛን በእግዚአብሔር ፊት አስጸያፊ ነው ይላል። ያን ቃል ከመጽሐፉ አውቀው ነበር። ሲሠራ ያየሁት ግን ከእሳቸው ነው። ወሎ ውስጥ ለኖረ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። አንድ ቤተሰብ ውስጥ ሁለት ሃይማኖት አለ፤ አንድ ሰፈር ውስጥ አብሮ ይለቀሳል፣ አብሮ ይሰረጋል። የራሴን እምነት አጥብቄ እይዛለሁ። ክርስቶስ አምላኬ ነው፣ በዚህ አልደራደርም። ግን ከጎረቤቴ መልካም ነገር ሳይ ለመማር አለመፈለግ ትዕቢት ይመስለኛል። ጌታ ራሱ የደጉን ሳምራዊ ምሳሌ ሲነግር አድማጮቹን አርአያ አድርጉት ያላቸው እንደ ባዕድ የሚያዩትን ሰው ነው።

ከጋሼ የወሰድኩት ትልቁ ነገር ቆጠራው ብቻ አይመስለኝም። ከቆጠራው በኋላ ያለው ዝምታም ነው። ሐቀኛ መሆን ከባድ ነው። ሐቀኛ ሆኖ ደግሞ «እኔ ብቻ ነኝ ንጹሕ» አለማለት ይብሳል። በሉቃስ 18 ላይ ያለው ፈሪሳዊ ውሸት አልተናገረም። ይጾም ነበር፣ አስራትም ያወጣ ነበር። ሁሉም እውነት ነው። ያጠፋው ያን ሁሉ ይዞ ቀራጩን በጎን እያየ መቆሙ ነው። ቢሮ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው ሲያጋጥም ያሳዝናል። ጉቦ አይበላም፣ ግን ያልበላውን ጉቦ ቀኑን ሙሉ ሲያወራው ይውላል። ሌላው ሁሉ ሌባ ይሆንበታል። አጠገቡ የሚቀመጥ ሰው ይጨነቃል። እንዲህ ያለ ሐቀኝነት ማንንም ወደ እግዚአብሔር አያቀርብም።

በ2013 ክረምት ጦርነቱ ከሰሜን ወሎ ሕዝቡን ሲያፈናቅል ደሴ በሰው ተሞላች። ትምህርት ቤቶቹ መጠለያ ሆኑ። ዴስኩ ተነስቶ ክፍሉ ውስጥ ቤተሰብ ተኛ። ከዚያ በኋላ የሆነውን የደሴ ሰው አይረሳውም። በየሰፈሩ ምጣድ ተጣደ። ከቤተ ክርስቲያንም ከመስጊድም ልብስና ብርድ ልብስ ወጣ። የማያውቀውን ቤተሰብ ቤቱ አስገብቶ ሳሎኑን የለቀቀ ስንት ሰው አለ። አንዲት ጎረቤታችን ጠዋት ጠዋት እንጀራ በላስቲክ ጠቅልላ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ታደርስ ነበር። የኮሚቴው ልጅ ለዝርዝሩ ስሟን ሲጠይቃት «ምን ያደርግልሃል፣ ይልቅ ሳይቀዘቅዝ አስገባው» ብላው ሄደች። ጥቅምት 2014 ላይ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ደግሞ ብዙዎቻችን በተራችን ተፈናቃይ ሆንን። ሰጪው ተቀባይ ሆነ። በሌላ ከተማ የሰው በር ላይ ቆመን እንጀራ ተቀበልን። ያን ጊዜ ያበሉንን ሰዎች ስም እኔም አላውቀውም።

ዛሬ ቲክቶክ ላይ አንዳንድ ነገር ሳይ ሆዴ ይባባል። አንዲት እናት አምስት ሊትር ዘይት ለመቀበል ካሜራ ፊት ትቆማለች። ፊቷን ማዞር ትፈልጋለች፣ «ወደዚህ ይዩ» ትባላለች። ለብዙ ችግረኛ ገንዘብ ለማሰባሰብ ማሳየት ግድ የሚሆንበት ጊዜ እንዳለ ይገባኛል። መሰብሰቢያውን አሳዩ፣ ደረሰኙን አሳዩ፣ የተጫነውን እህል አሳዩ። የእናትየዋ ፊት ግን ለምን? ጌታ በማቴዎስ 6 ላይ ስትመጸውት ቀኝህ የሚያደርገውን ግራህ አትወቅ ሲል የሰጪውን ነፍስ ከከንቱ ውዳሴ ይጠብቃል። የተቀባዩንም ክብር ይጠብቃል ብዬ አምናለሁ።

ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲኬድ ሐይቅ ይገኛል። እዚያ ያለው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ለእኔ ስለዚህ ጉዳይ ከስብከት በላይ ነው። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ እዚያ ተቀምጠው አስተማሩ። ከደቀ መዛሙርታቸው አንዱ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ናቸው። እስቲ አስቡት። ተክለ ሃይማኖትን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ክርስቲያን የለም። በየወሩ 24 ስማቸው ይጠራል፤ በየከተማው በስማቸው ቤተ ክርስቲያን አለ። መምህራቸውን ኢየሱስ ሞዓን ግን ከወሎ ወጣ ስንል ስንቱ ነው የሚያውቃቸው? በዓላቸው ኅዳር 26 ነው። በዚያ ቀን ሐይቅ የሚሄደው ሰው ግሸን ማርያም ለመስከረም 21 ከሚተመው ጋር አይነጻጸርም።

አባ ኢየሱስ ሞዓ መጻሕፍት አስጽፈዋል፣ ወንጌልን ለገዳሙ ትተዋል፣ ልጆች አስተምረዋል። ያስተማሯቸው ልጆች ተበትነው አገር አስተማሩ። እሳቸው ሐይቁ ዳር ቀሩ። እዚህ ላይ ትሕትናና ዓላማ አንድ ቦታ ተቀምጠው አያቸዋለሁ። መምህሩ «እኔ ምን አቅም አለኝ» ብለው ቢሆን ኖሮ ትምህርቱ አይኖርም ነበር። «ስሜ ይጠራ» ብለው ቢሆን ኖሮ ደግሞ ተማሪዎቻቸውን ወደ ሩቅ አገር አይለቋቸውም ነበር።

በሰንበት ትምህርት ቤት የማገኛቸው ወጣቶች አዘውትረው የሚጠይቁኝ ጥያቄ አለ። «ዓላማዬን በምን ልወቅ? እግዚአብሔር ለምን እንደፈጠረኝ ማወቅ እፈልጋለሁ» ይሉኛል። ጥያቄው ደስ ይለኛል፣ ከልብ ነው። ግን ሲብራራ ብዙ ጊዜ ትልቅ መድረክ ነው የሚወጣው። ሰባኪ መሆን፣ ዘማሪ መሆን፣ የሚታወቅ ሰው መሆን። ነቢዩ ሚክያስ ምዕራፍ 6 ቁጥር 8 ላይ እግዚአብሔር የሚሻው ተዘርዝሮ ተጽፏል፦ ፍርድን ማድረግ፣ ምሕረትን መውደድ፣ ከአምላክህ ጋር በትሕትና መሄድ። መሄድ ነው የሚለው። የሚሄድ ሰው ፊቱ ያለውን መንገድ ይሄዳል። ስለዚህ እኔ መልሼ እጠይቃቸዋለሁ። እናትህ ሰሞኑን ምን አቃታት? ክፍላችሁ ውስጥ ምሳ የማይቋጥር ልጅ አለ? ከማን ጋር ተኳርፈሃል? አንዳንዱ መልሱ አነሰበት መሰል ቅር ይለዋል። አንዳንዱ ግን በሳምንቱ ተመልሶ መጥቶ የሆነውን ይነግረኛል።

የሰፈራችን ቅሬ፣ ሌላው አገር እድር የሚለው፣ ክርስቲያንም ሙስሊምም ያለበት ነው። ጸሐፊው አዛውንት ናቸው፣ በፊት መምህር ነበሩ። ሰው ሲሞት ሁላችንም እንሮጣለን፣ ድንኳን እንተክላለን፣ እንቀብራለን። ያ ሞቅ ያለ ሰዓት ነው፣ ሰው ይበዛል። እሳቸውን ማየት ያለባችሁ ከሠልስት በኋላ ነው። ሰው ተበትኗል። ሐዘንተኛው ቤት ደክሞታል። ሴቶቹ ግቢ ውስጥ ትልልቁን ብረት ድስት በአመድ ያሻሉ። እሳቸው ድንኳኑ ሥር ተንበርክከው ካስማ ይለቅማሉ። ጭቃውን በጣታቸው እየጠረጉ አንድ አንድ እያሉ ማዳበሪያ ውስጥ ይጨምራሉ። ሸራው እርጥብ ከሆነ አያጥፉትም፤ ይሻግታል፣ ለሚቀጥለው ሐዘንተኛ ይሸታል ይላሉ። አጥር ላይ አስጥተው እስኪደርቅ ይጠብቃሉ። ከዚያ መዝገባቸውን ከኮታቸው ኪስ ያወጣሉ። ወንበር ይህን ያህል፣ ብርጭቆ ይህን ያህል፣ የተሰበረ ይህን ያህል። የተሰበረውን ማን ሰበረው ብለው አይጽፉም። ሐዘን ቤት የተሰበረ ብርጭቆ ጠያቂ የለውም ይላሉ።

ያኔ ሲመረጡ እኔም ስብሰባው ላይ ነበርኩ። ብዙ ሰው ተጠቆመ፣ ብዙ ሰው አቅም የለኝም አለ። እሳቸው ሲጠየቁ «እሺ፣ መዝገቡ የት ነው ያለው?» ብቻ ነው ያሉት። ንግግር አላደረጉም። ከዚያ ወዲህ የማንም ቀብር ጸሐፊ በማጣት አልተጓተተም። ሰው ስለ እሳቸው ትሕትና ሲያወራ ግን ሰምቼ አላውቅም። ምናልባት ድምፃቸው ጎላ ስለሚል ይሆናል። መዋጮ ያዘገየን ሰው በግልጽ ይጠይቃሉ። ስብሰባ ላይ የተበላሸ ሒሳብ ካዩ «ይሄ ልክ አይደለም» ይላሉ፣ ሰው ፊት። እኔ ከማውቃቸው ሰዎች ግን ጌታ ታጥቆ የተነሳባትን ምሽት የሚያስታውሱኝ እሳቸው ናቸው።

አሁን ዓይናቸው ደክሟል፣ ጉልበታቸውም እንደ ድሮው አይደለም። ይበቃኛል ብለዋል። የፊታችን እሑድ ስብሰባ አለ፣ አዲስ ጸሐፊ ይመረጣል። የተለመደው ዝምታ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ስሜ ከተጠራ እሺ እላለሁ። ካልተጠራ ደግሞ የሚመረጠው ሰው የመጀመሪያውን መዋጮ ሲሰበስብ ቤት ለቤት አብሬው እዞራለሁ፤ ዳገቱ ብቻውን ለሚወጣው ሰው ይከብዳል። ቆጠራ ሥራህ ነው ብለው ቅዳሜ ከሰዓት ንብረቱን ለመረካከብ እንዳግዛቸው ጠይቀውኛል። ከወንበሮቹ እንጀምራለን።